ኪስ የማይጎትት ሰንጢ፤ አራት ምርጫዎች ጎን ለጎን

ባለፈው ሳምንት አዲስ ሰንጢ ገዛሁ። ከሳጥኑ እንዳወጣሁት ቀጥታ ወደ ኩሽና ሄድኩ። ባለቤቴ የዳቦ ዱቄት የምትመዝንበት ትንሽ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 52 ግራም። ከፍሪጅ አንድ እንቁላል አወጣሁና በቦታው አደረግኩ። 57 ግራም። ስምንት ሳንቲ ሜትር ስለት ያለው ዕቃ ከአንድ እንቁላል ቀለለ። ሚዛኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሜ መዘንኩት። ያው ነው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስከፍት፣ ፕላስቲክ ስቀድ፣ ማሰሪያ ስቆርጥ እውላለሁ። ሰንጢ ከኪሴ ተለይቶ አያውቅም። ይህን የሚያውቁ ጓደኞቼ ሊገዙ ሲያስቡ ይደውሉልኛል። "ወንድሜ፣ ሱቅ ገብቼ ግራ ገባኝ። ሁሉም ቀላል ነው ይላል። የቱን ልያዝ?" አልፈርድባቸውም። የ20 ዶላሩና የ200 ዶላሩ አንድ መስታወት ሥር ተደርድረው ሲታዩ ልዩነታቸው አይገባም። በስልክ ቆራርጬ የምነግራቸውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰንጢ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የሰፈር ጠብ ነው። አገር ቤት ስናድግ ቃሉን የሰማነው በበጎ አልነበረም። እኔ የማወራው ስለ ሥራ ዕቃ ነው። ብርቱካን ስለሚልጠው፣ የጤፍ ከረጢት ስለሚከፍተው፣ ከልጅ ሹራብ ላይ የተንጠለጠለ ክር ስለሚቆርጠው። ይሁን እንጂ ያ የድሮ ትዝታ በምርጫው ላይም የራሱ ድርሻ አለው። እመለስበታለሁ።

## መጀመሪያ መለኪያው

ክብደቱ ከየት ተቀነሰ? የቀላል ሰንጢ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የከበደ ሰንጢ ሱሪ ይጎትታል። መኪና ውስጥ ስትቀመጡ ጭን ላይ ይጫናል። ሁለት ሦስት ቀን ትይዙትና መሳቢያ ውስጥ ትተውታላችሁ። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሰንጢ ደግሞ መንገድ ላይ አይደርስላችሁም። ከ100 ግራም በላይ የሆነውን ለየዕለቱ አልመክርም። ከ75 በታች ከሆነ በቀጭን ሱሪም አይታወቅም።

ግን ክብደት እንዲሁ አይጠፋም። ከአንድ ቦታ ተወስዶ ነው። አንዱ ሠሪ መቆለፊያውን ይተወዋል። ሌላው እጀታውን ከእንጨት ይሠራዋል። ሌላው ደግሞ ገበሩን ይቀንሳል። ገበር የምለው እጀታው ውስጥ በግራና በቀኝ የሚገባውን ቀጭን የብረት ሳንቃ ነው። እንደ ኮት ገበር ከውጭ ብዙም አይታይም፤ ቅርጹን የሚይዘው ግን እሱ ነው። ገበር ሲቀንስ ሰንጢው ይቀላል፤ ጥንካሬውም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ "ስንት ግራም ነው?" ከሚለው ቀጥሎ "ከየቱ ላይ ቀንሰው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። የአራቱም ሰንጢ ልዩነት የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

መቆለፊያ። መቆለፊያ የሌለውን ሰንጢ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ከጀርባው ያለ ሞላ ብቻ ነው። ስባችሁ ስትቆርጡ ምንም አይል። በጫፉ ወግታችሁ ካርቶን ለመብሳት ስትሞክሩ ግን ወደ ጣት ሊታጠፍ ይችላል። የሚቆለፈው እዚህ ላይ ይሻላል። ይሻላል ስል ግን በሩን ለመፈልቀቅ ይሆናል ማለቴ አይደለም። የትኛውም ታጣፊ ሰንጢ መፈልቀቂያ አይደለም። ጫፉ ይሰበራል፤ ወይም ማጠፊያው ይላላል።

መቆለፊያው እንዴት እንደሚፈታም እዩ። ስትዘጉት ጣታችሁ ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ይቆማል ወይስ ከመንገዱ ውጭ ነው? ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ፣ ወይም ሲደክማችሁ የምትሠሩ ከሆነ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ብረቱ። ለሥራችን የሚበቃን ሁለት ነገር ማወቅ ነው። አንደኛ፣ ካርቦን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ሲሳል ምላጭ ይሆናል፤ ግን ይዝጋል። የማይዝገው ብረት ውስጡ ክሮሚየም አለበት፤ እሱም ቢሆን ጨው እየነካው እርጥብ ሆኖ ከቆየ ነጠብጣብ ያወጣል። ሁለተኛ፣ ጠንካራ ብረት ቶሎ አይደንዝም፤ ከደነዘ በኋላ ግን መልሶ መሳሉ ጊዜ ይወስዳል። ለስላሳው ቶሎ ይደንዛል፤ በሁለት ደቂቃ ግን ይመለሳል። ቤታችሁ ያለውን የመሳያ ድንጋይ አስቡ። መሳል የማትወዱ ከሆነ ጠንካራውን፣ ቡና እስኪፈላ ቁጭ ብላችሁ መሳል የምትወዱ ከሆነ ለስላሳውን ውሰዱ።

ሕጉና የሰው ዓይን። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። መዝለል አይገባም። እኛ ዘንድ በኮሎራዶ፣ ከ3.5 ኢንች፣ ማለትም ከ8.9 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለት ያለውን ቢላ ደብቆ መያዝ ክልክል ነው። ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ የተደበቀ ነው። ሌላው ስቴት ሌላ ሕግ አለው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ያለ በቂ ምክንያት መንገድ ላይ መያዝ የምትችሉት ከ3 ኢንች ያልበለጠና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። የሚቆለፍ ከሆነ አጭር መሆኑ አያድናችሁም። ጀርመን በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢ ያለ ምክንያት ይዞ መውጣት ከ2008 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በሕዝብ በዓላትና በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ ክልከላው ጠብቋል። ከምትወዱት ሰንጢ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ እዩ።

የሰው ዓይን ያልኩት ደግሞ ያ የሰፈር ትዝታ ነው። ማኅበር ላይ ዳቦ ልትቆርሱ ጥቁርና ሹል የሆነ ሰንጢ በአንድ እጅ ቀጭ አድርጋችሁ ብትከፍቱ፣ አንዲት የማታውቋቸው እናት ደንግጠው ያዩዋችኋል። ቀይ ወይም የእንጨት እጀታ ያለውን በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ብትከፍቱ "እስቲ ለእኔም አቀብለኝ" ይባላል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

ዋጋውን ከታች ሰንጠረዡ ላይ አስቀምጫለሁ። ሱቅ ለሱቅ ስለሚለያይ ግምት ብላችሁ ያዙት።

## ቪክቶሪኖክስ ካዴት

ስዊዘርላንድ፣ ኢባክ በምትባል ቦታ ካርል ኤልስነር በ1884 በከፈተው ወርክሾፕ የተጀመረ ቤት ነው። በ1891 ለአገሩ ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ቀዩን ሰንጢ የማያውቅ የለም። ካዴት ግን ከቀዩ ቀጠን ይላል፤ እጀታው ስስ አሉሚኒየም ነው። ታጥፎ 84 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 46 ግራም።

ክብደቱ የተቀነሰው መቆለፊያ ባለመኖሩና ስለቱ አጭር በመሆኑ ነው። ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያው 46 ግራም ውስጥ ግን የቆርቆሮ መክፈቻ፣ የጠርሙስ መክፈቻ፣ የጥፍር ሞረድ አለ። የመክፈቻዎቹ ጫፍ ካቻቢቴ ሆኖ ያገለግላል። የልጄን መጫወቻ ባትሪ የምቀይረው በእሱ ነው።

ብረቱ ለስላሳ ነው፤ አይዝግም። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ከቆረጣችሁበት ማታ ላይ ይደንዛል። መሳሉ ግን እንዴት ቀላል መሰላችሁ! የሸክላ ሲኒ ገልብጡ። ከታች ቀለም ያልተቀባች ሻካራ ቀለበት አለች። ስለቱን ትንሽ አጋድማችሁ አምስት ጊዜ በአንድ ወገን፣ አምስት ጊዜ በሌላው እዚያ ላይ ሳቡት። ቲማቲም ይቆርጣል። ሲኒውን አጥባችሁ ወደ ረከቦቱ መመለስ ነው።

ቢሮ ለሚሠራ፣ እንግሊዝ ለሚኖር፣ ሰንጢ ይዞ ለማያውቅ ሰው መጀመሪያ የምጠራው ይህን ነው። ጓንት አድርጎ ለሚሠራ ግን አይሆንም፤ በጥፍር ነው የሚከፈተው።

## ኦፒኔል ቁጥር 8

ፈረንሳይ ተራራማው ሳቮዋ ውስጥ ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ያወጣው ሰንጢ ነው። እስከ ዛሬ ቅርጹ ብዙም አልተለወጠም። አንድ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ የብረት ቀለበት። ቀለበቷ የመጣችው በ1955 ነው። ከፍታችሁ ስታዞሯት ስለቱ ይቆለፋል። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ታጥፎ እያለም ይቆለፋል፤ ኪስ ውስጥ በራሱ አይከፈትም።

የቁጥር 8 ስለት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ከአራቱ ረጅሙ ነው። ክብደቱ ግን 50 ግራም አይሞላም። ምሥጢሩ እንጨቱ ነው፤ የብረት ገበር የሚባል ነገር የለውም። ስለቱም ስስ ነው። ስስ በመሆኑ ምግብ ላይ የሚደርስበት የለም። ብርቱካን ስትልጡበት ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ነጩ ቆዳ ፍሬው ላይ ይቀራል። አቮካዶ፣ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ሁሉንም ያለ ግፊት ያልፋል።

የእንጨቱ ዋጋ ውኃ ላይ ይመጣል። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ኦፒኔሌን ከሰሃኖቹ ጋር ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፌ ረሳሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ማታ ላይ አውጥቼ አጠፍኩት። ጠዋት ልከፍተው ስል እንቢ አለ። እንጨቱ አብጦ ስለቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞታል። ጥፍሬን ልሰብር ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት ከሳቮዋ ሰዎች ልማድ ነው። ቀለበቷ መፈታቷን ታያላችሁ። ከዚያ እጀታውን ትይዙና የኋላ ጫፉን ጠረጴዛ ላይ ጠብ ታደርጉታላችሁ። የስለቱ አፍንጫ ብቅ ይላል። ያንን ይዛችሁ ታወጡታላችሁ። ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ደርቆ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ወዲያው አደርቀዋለሁ።

ሁለት ዓይነት ብረት አለው። የካርቦኑ ስለት ሎሚ ወይም ቲማቲም ሲነካው ይጠቁራል። ጥቁረቱ አይጎዳም፤ እንዲያውም ከዝገት ትንሽ ይከላከላል። ቀይ ዝገት ሲመጣ ነው የሚያሳስበው። ጥቂት የምግብ ዘይት በጨርቅ አስነክታችሁ አስቀምጡት። "እኔ ይህን ሁሉ አላስታውስም" የምትሉ የማይዝገውን ውሰዱ፤ ዋጋቸው ይቀራረባል።

ዋጋው 20 ዶላር አካባቢ ነው፤ በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚቆርጥ ሌላ አላውቅም። ለሽርሽር፣ ለምሳ ዕቃ፣ ለቤት ልቤ ያለው እሱ ላይ ነው። ሁለት እጅ ስለሚፈልግ ግን አንድ እጁ ካርቶን ለያዘ ሰው ያስቸግራል።

## ስፓይደርኮ ዴሊካ 4

የዚህ ቤት መሥሪያ ከተማ ጎልደን ነው። ከአውሮራ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ዴሊካ ግን የሚሠራው ጃፓን፣ ሴኪ ከተማ ነው። ሴኪ የጥንት የጎራዴ አንጥረኞች ከተማ ናት።

የዚህ ቤት ሰንጢዎች ስለታቸው ላይ ክብ ቀዳዳ አላቸው። በ1981 ባወጡት የመጀመሪያ ታጣፊ ሰንጢ ቀዳዳዋንና የኪስ ክሊፑን አንድ ላይ አመጡ። ዛሬ ክሊፕ የሌለው የሥራ ሰንጢ ማግኘት ይከብዳል። ቀዳዳዋ ውበት አይደለችም። ጓንት አድርጌ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርጋት ስለቱ ይከፈታል። ዲሴምበር ላይ በረዶ በሚወርድበት የመጫኛ በር አጠገብ ለቆመ ሰው ይህ ማለት ጓንት ሳያወልቅ ይሠራል ማለት ነው።

71 ግራም ነው። ከአራቱ ከባዱ እሱ ነው። ከባድ የሆነው ገበሩ ስላልተጣለ ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ በሁለቱም ወገን የብረት ገበር አለው፤ ክብደት ለመቀነስ ብቻ ተበሳስቷል። ጨምቃችሁት አይላወስም። መቆለፊያው ከጀርባ ነው። ለመዝጋት ጀርባውን ትጫናላችሁ። ጣት ስለቱ መንገድ ላይ እንዳይቀር ትንሽ ልምድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ሳምንት ቀስ በሉ።

ብረቱ ቪጂ-10 ይባላል። የማይዝግ ነው፤ ከስዊዙ ጠንከር ይላል። እኔ በሥራ ላይ አርብ አርብ ነው የምስለው። ስለቱ 7.4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

## ቤንችሜድ ባግአውት

አሁን ወደ አዲሱ። ኦሪገን ሲቲ ያለ ቤት በ2017 ያወጣው ሰንጢ ነው። ለእኔ ግን አዲስ ነው። ሰማያዊ እጀታ፣ 8.2 ሳንቲ ሜትር ስለት፣ 52 ግራም። ዴሊካ ከሚመዝነው በ19 ግራም ያንሳል፤ ስለቱ ግን ይረዝማል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ሁሉንም ያሸነፈ ይመስላል።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት መቆለፊያውን ነው። እጀታውን አግድም የሚያቋርጥ ትንሽ ዘንግ አለ። ሁለት ስስ ሞላዎች ወደ ፊት ይገፉታል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ወደ ኋላ ሳብ ስታደርጉት ስለቱ ይለቀቃል። ጣታችሁ ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ አይቆምም። ከሁለቱም ወገን ስለሚያዝ ግራኝ ለሆናችሁ እንደ ቀኞች እኩል ይሠራል። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ልጄ ግራኝ ናት። ዘግቼ ሰጥቻት መቆለፊያውን ብቻ እንድትነካው አደረግኩ። "አባዬ፣ ይኼ ለእኔ የተሠራ ነው" አለች። ገና ነሽ አልኳት።

ቀጥሎ እጀታውን ጨመቅኩት። እዚህ ላይ የክብደቱ ዋጋ ይገባችኋል። ፕላስቲኩ ስስ ነው። የብረት ገበሩ ሙሉውን እጀታ አይሸፍንም፤ መቆለፊያው አካባቢ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ መሐሉ ላይ አጥብቃችሁ ስትይዙት ጥቂት ገባ ይላል። ባግአውት የያዙ ብዙ ሰዎች የሚያነሱት ይህን ነው። አደጋ የለውም፤ ማጠፊያው ጠንካራ ነው። ግን 170 ዶላር ለከፈለ ሰው መጀመሪያ ሲነካው የሚሰማው ስሜት ደስ አይልም። ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ብረቱ ኤስ30ቪ ነው። ውስጡ ብዙ ቫናዲየም ስላለበት ስሉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። አንድ ሙሉ ሳምንት ሥራ ቦታ ያዝኩት። ሐሙስ ማታም ወረቀት እየቆረጠ ነበር። ሲኒ ግርጌ ላይ ይሳላል ብላችሁ ግን አትልፉ። የአልማዝ መሳያ ግዙ፤ ያለዚያ ድንጋዩን ትጨርሳላችሁ።

ክሊፑ አጭር ናት። ሰንጢውን ኪስ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀመጥ ታደርገዋለች፤ ከውጭ ብዙም አይታይም። ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ቀይ ድንጋዮች መናፈሻ ሄድኩ። በስስ ቁምጣ ሦስት ሰዓት ተራመድኩ። ኪሴ ውስጥ መኖሩን ረስቼው ነበር፤ ያስታወስኩት ብርቱካን ሲጠየቅ ነው። ልጣጩን እንደ ኦፒኔል አላወረደውም፤ ስለቱ ወፈር ስለሚል ፍሬውን ትንሽ ይሰነጥቀዋል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ባግአውት ለሚራመድ ሰው የተሠራ ነው። ኪሱ ስስ ለሆነ፣ ሻንጣው የሚመዘን ለሆነ፣ ሥራው ቀላል ለሆነ። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አጥብቆ ለሚይዝ እጅ ግን የዴሊካ 19 ግራም ትርፍ ክብደት በከንቱ አልተጨመረም። ሰኞ ወደ ሥራ የሄድኩት ዴሊካን ይዤ ነው።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| | ካዴት | ኦፒኔል 8 | ዴሊካ 4 | ባግአውት |
|---|---|---|---|---|
| ክብደት | 46 ግራም | ከ50 ግራም በታች | 71 ግራም | 52 ግራም |
| ስለት | 6 ሳ.ሜ. ገደማ | 8.5 ሳ.ሜ. | 7.4 ሳ.ሜ. ገደማ | 8.2 ሳ.ሜ. |
| ክብደቱ የተቀነሰው | መቆለፊያ ባለመኖሩ | በእንጨት እጀታ | ገበሩን በመበሳት | ገበሩን በማሳጠር |
| መቆለፊያ | የለውም | የሚዞር ቀለበት | ከጀርባ | አግድም ዘንግ |
| አከፋፈት | ሁለት እጅ | ሁለት እጅ | አንድ እጅ | አንድ እጅ |
| መሳል | በጣም ቀላል | ቀላል | መካከለኛ | ጊዜ ይወስዳል |
| ዋናው ድክመት | ቶሎ መደንዘዝ | ውኃ አለመቻል | ከሌሎቹ መክበድ | እጀታው ሲጨመቅ መግባቱ |
| እንግሊዝ መንገድ ላይ ያለ ምክንያት | ይያዛል | አይያዝም | አይያዝም | አይያዝም |
| ዋጋ በዶላር | 45 ገደማ | 20 ገደማ | ከ90 እስከ 115 | ከ160 እስከ 190 |

## ለማን የቱ?

ከ25 ዶላር በላይ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ኦፒኔል ነው። ሌላ አትፈልጉ። በዚሁ ዋጋ ገበያ ላይ የሚገኙት ወፍራምና ጥቁር "ታክቲካል" ሰንጢዎች ከባድ ናቸው፤ ብረታቸውም ምን እንደሆነ አይጻፍባቸውም።

ቢሮ ወይም ታክሲ ለምትሠሩ፣ ፖስታና ጥቅል ብቻ ለምትከፍቱ፣ ካዴት ይበቃል። ሰውም አያስደነግጥም። ለአባት ወይም ለአማች ስጦታ ሲሆንም እሱን እመርጣለሁ፤ ጠርሙስ መክፈቻው ብቻ በየበዓሉ ይመሰገናል።

መጋዘን፣ ግንባታ፣ መካኒክ ቤት፣ ምግብ ቤት ጓሮ የምትሠሩ ዴሊካን ያዙ። መቶ ዶላር ብዙ ይመስላል። የእኔ ግን ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የቀየርኩለት ብሎን እንኳን የለም።

ተራራ የምትወጡ፣ የምትሮጡ፣ ወይም ግራኝ የሆናችሁ፣ ገንዘቡም የማይጎዳችሁ ከሆነ ባግአውት ደስ ይላችኋል። ሁለት ሰንጢ መግዛት ለሚችል ሰው ደግሞ ከባግአውት ይልቅ ዴሊካና ኦፒኔል አንድ ላይ እላለሁ። ተደምረው ከእሱ ይረክሳሉ፤ አንዱ ሥራ ይሠራል፣ አንዱ ምሳ ይቆርጣል።

ለልጅ የምትገዙ ወላጆች፣ ካዴትም ቢሆን ትምህርት ቤት ይዞ መሄድ እንደሌለበት አስረግጣችሁ ንገሩት። እናንተም ልጅ ልታመጡ ስትሄዱ ቤት ተዉት። ፍርድ ቤትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትሄዱም እንደዚሁ።

## ከመክፈላችሁ በፊት

ሐሰተኛ ሰንጢ በዝቷል። በተለይ ባግአውት በ30 ዶላር ካያችሁ አትቁሙ። አንድ ጊዜ ዋጋው ረከሰ ብዬ ከኢንተርኔት የገዛሁት ሰንጢ ሦስተኛ ቀኑ ላይ መቆለፊያው ለቀቀ። ጣቴን ያዳነኝ ጓንቴ ነው።

እጃችሁ ውስጥ ሲገባ ሦስት ነገር ሞክሩ። ዘግታችሁ ወደ ብርሃን አንሱትና ስለቱ ከሁለቱ ግድግዳ መሐል መቀመጡን እዩ። ወደ አንዱ ከተጠጋ እጀታውን ይፍቃል። ከዚያ ከፍታችሁ ስለቱን በጀርባው ይዛችሁ ግራና ቀኝ ወዝወዝ አድርጉት፤ ቀጭ ቀጭ ማለት የለበትም። በመጨረሻ ያለ ጥድፊያ አሥር ጊዜ ክፈቱ ዝጉ። ሻጩ ቢቸኩልም ግድ የላችሁም። አሥረኛው ላይ አውራ ጣታችሁን ካመማችሁ ያ ሰንጢ የእናንተ አይደለም።

አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ሰንጢውን ከምሽቱ ጀምሮ ከኪሳችሁ አውጡ። ስለቱን በካርቶን ጠቅልላችሁ፣ በፕላስተር አስራችሁ፣ በሚመዘነው ሻንጣ ውስጥ ልብስ መሐል አስገቡት። እኔ አንዱን ያጣሁት ፍተሻ ላይ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ሰንጢዬን ረስቼ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ወደ መኪና መመለሻ ጊዜ አልነበረኝም። ፈታሿ ሳጥኑን አሳየችኝ። ከላይ ሁለት ቀይ ሰንጢና አንድ የእንጨት እጀታ ያለው ኦፒኔል ተኝተው ነበር። የእኔን ከጎናቸው አስቀመጥኩት።